አውቶካድ ፋይል ሲጠፋበት የት ነው የሚፈልገው? የ«ፋይልስ» ገጽ ግምገማ

ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ለአርብ ጠዋት መድረስ ያለበት የባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ስትራክቸራል ድሮዊንግ እጄ ላይ ነው። ቢሮው አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶልኛል። ፈጣን ነው፣ ስክሪኑም ሰፊ ነው፣ ደስ ብሎኛል። የአይቲው ልጅ የድሮዊንግ መሥሪያ ፕሮግራሙን አውቶካድ 2024ን ጫነ፣ የድሮውን ላፕቶፔን ሴቲንግ እንዳለ አመጣና «አለቀ፣ ሥሪ» ብሎኝ ሄደ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ገና ሳይከፈት «ኤስኤችኤክስ ፎንቶች ጠፍተዋል» የሚል መስኮት መጣ፤ ኤስኤችኤክስ የአውቶካድ የራሱ የፎንት ዓይነት ነው። አለፍኩት። ድሮዊንጉ ሲወጣ የብረቱ ዝርዝር ጽሑፍ መልኩ ተቀይሯል፣ ከሠንጠረዡ መስመር ውጭ ፈሷል፣ የዲያሜትር ምልክት የነበረበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ሀች (ቦታን በተደጋጋሚ ንድፍ መሙያ) ልሥራ ብል ቢሮአችን የሚጠቀምበት የድንጋይ ግንብ ሀች ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የብረት መጠን የምታወጣልንን ሊስፕ፣ ማለትም አውቶካድ ውስጥ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ ስጠራት ደግሞ እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም አለኝ። ይህ ሁሉ ትናንት በድሮው ላፕቶፕ ላይ ይሠራ ነበር።

ፕሮግራሙን አውጥቼ እንደገና ልጭነው ስል ጎኔ የሚቀመጡት አንጋፋ ድራፍትስማን አዩኝ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ጋሼ፣ አውቶካዱ ተበላሽቷል። እንደገና ልጭነው ነው።»

«ቆይ እስቲ። ተበላሽቶ ነው ወይስ የት እንደሚፈልግ ጠፍቶት ነው?»

ወንበራቸውን ስበው መጡ። ኦ እና ፒ የሚሉትን ሁለት ፊደሎች ጽፈው ኢንተር ነኩ፣ የኦፕሽንስ መስኮት ተከፈተ፣ የመጀመሪያውን ገጽ «ፋይልስ»ን ጫኑት። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። ምንም አልጫንንም፣ ምንም አላወጣንም።

ከዚያ ወዲህ ይህን ገጽ አጥንቼዋለሁ፣ ለብዙ ሰውም ችግር ፈትቼበታለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምገመግመው ሙሉውን አውቶካድ አይደለም። ይህን አንድ ገጽ ነው። በእኔ እምነት ከፕሮግራሙ ውስጥ በጣም ጠቃሚው፣ ግን ሰው በጣም የማይከፍተው ቦታ ይህ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ድሮዊንግ ስትከፍቱ ፋይሉ ውስጥ ሁሉም ነገር የለም። መስመሩ አለ፣ ጽሑፉ አለ። ፊደሉ በምን ቅርጽ እንደሚጻፍ የሚናገረው የፎንት ፋይል ግን ሌላ ቦታ ነው። የተቆራረጠ መስመር ስትጭኑ ቅርጹ የሚመጣው ከሌላ ፋይል ነው። አዲስ ሀች ስትመርጡም፣ ሊስፕ ስትጠሩም፣ የትእዛዝ አሕጽሮት ስትጽፉም እንደዚያው። ድሮዊንጉ የሚያስታውሰው ብዙ ጊዜ ስማቸውን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ስሙን ይዞ ይፈልጋል። የት የት እንደሚፈልግ የሚነግረው ደግሞ በዚህ ገጽ አናት ላይ ያለው «ሰፖርት ፋይል ሰርች ፓዝ» የሚባለው ዝርዝር ነው።

እኛ አዲስ አበባ ላይ ለሰው ቤት ስንጠቁም «ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» እንላለን። ዳቦ ቤቱ ፈርሶ ከሆነ እንግዳው መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል። ቤቱ ግን አለ፣ ሰዎቹም ውስጥ ናቸው። የእኔም ኮምፒውተር ላይ የሆነው ይኸው ነው። ፎንቱም፣ ሀቹም፣ ሊስፑም የቢሮው ሰርቨር ላይ ቁጭ ብለዋል። በድሮው ላፕቶፕ ሰርቨሩ የሚታየው «ዜድ» ድራይቭ ሆኖ ነበር፣ በአዲሱ ግን «ዋይ» ሆኖ ነው የተገናኘው። ዝርዝሩ አሁንም «ዜድ» ይላል። አዲሱ ማሽን ላይ «ዜድ» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ግምገማው። የዚህ ገጽ ትልቁ ጥሩ ነገር፣ ብዙ ሰው አይቶት የማያስተውለው፣ ከዋናው ዝርዝር ቀጥሎ ያለው «ወርኪንግ ሰፖርት ፋይል ሰርች ፓዝ» የሚባለው ሁለተኛ ዝርዝር ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። የላይኛው እናንተ የጻፋችሁት ነው፣ ልትጨምሩበትና ልትቀንሱበት ትችላላችሁ። የታችኛው የሚነበብ ብቻ ነው፣ መነካካት አይቻልም፣ እናም የሚያሳየው ከላይኛው ውስጥ በእውነት ያሉትን፣ ፕሮግራሙ ሊደርስባቸው የቻለውን ፎልደሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ከፍታችሁ ጎን ለጎን ማየት ነው። ላይ ኖሮ ታች የሌለ መስመር የሞተ መንገድ ነው። በቃ። ጋሼ ያን ዕለት ያደረጉት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ላይ አሥራ አንድ፣ ታች ሰባት። አራቱ «ዜድ» ያሉት ነበሩ።

ይህን ያሰበው ሰው ይመስገን። ግን ቅሬታም አለኝ። ዋናው ዝርዝር ላይ የሞተውና ያለው መንገድ መልካቸው አንድ ነው። ቀይ ቀለም የለ፣ ምልክት የለ። አንድ ትንሽ የማስጠንቀቂያ ምልክት ከጎኑ ቢያደርጉበት ስንት ሰው ከጭንቀት ይድን ነበር። የመጀመሪያው አውቶካድ የወጣው በፈረንጆቹ 1982 ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ፕሮግራም ይህችን ቢጨምር አይከብደውም ባይ ነኝ።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር፣ የጨመራችሁት ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ካለ ፕሮግራሙ ወደ ውስጥ ገብቶ አይፈልግም። «ሰርቨር፣ ስታንዳርድ» ብላችሁ አንድ መስመር ጨምራችሁ፣ ፎንቶቹ «ስታንዳርድ» ውስጥ «ፎንት» በሚል ፎልደር ካሉ፣ አያገኛቸውም። «ፎንት»ን ራሱን አንድ መስመር፣ «ሀች»ን አንድ መስመር፣ «ሊስፕ»ን አንድ መስመር አድርጋችሁ መጨመር አለባችሁ። ይህን ባለማወቅ «ጨምሬዋለሁ እኮ፣ ግን አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። አውቶካድ ፋይል ሲፈልግ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ሥራ የጀመረበትን ፎልደር ያያል፣ ቀጥሎ የተከፈተው ድሮዊንግ ራሱ ያለበትን ፎልደር፣ ከዚያ የሰፖርት ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች፣ በመጨረሻ ራሱ የተጫነበትን ፎልደር። መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይቆማል፣ የተሻለ አለ ወይ ብሎ አይቀጥልም። ለዚህ ነው «ሙቭ አፕ» እና «ሙቭ ዳውን» የሚሉት ቁልፎች እዚያ የተቀመጡት። አንድ ባልደረባዬ የትእዛዝ አሕጽሮቶች የሚጻፉበትን «አካድ ፒጂፒ» የሚባለውን ፋይል ያስተካክላል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ አውቶካድን ዘግቶ ይከፍታል፣ ምንም ለውጥ የለም። ደግሞ ያስተካክላል፣ ደግሞ ምንም። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። ለካ ያንኑ ስም የያዙ ሁለት ፋይሎች ነበሩት፣ እሱ የሚያስተካክለው ከታች ያለውን፣ ፕሮግራሙ የሚያነበው ከላይ ያለውን።

ይህን ዓይነቱን ነገር በአንድ መስመር የሚያጋልጥ መሣሪያ አለ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። ገጹ ላይ የለም፣ ትእዛዝ መጻፊያው ላይ ነው የሚጻፈው። በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲህ ትጽፋላችሁ፦ (ፋይንድፋይል "አካድ.ፒጂፒ")። ቅንፉም፣ ትእምርተ ጥቅሱም፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቅጥያም አይቀርም። ኢንተር ስትነኩ ፕሮግራሙ ያንን ፋይል የሚያገኝበትን ሙሉ አድራሻ ይሰጣችኋል። ካላገኘው «ኒል» ይላል፣ የለም ማለቱ ነው። ግምት የለም፣ ክርክር የለም። ባልደረባዬ ጋ ይህን ስንጽፍ የመጣው አድራሻ እሱ ከፍቶት የማያውቀው ፎልደር ነበር። ፎንት ጠፋ ሲላችሁም የፎንቱን ስም እንደዚሁ ጻፉት። «ኒል» ካለ ፋይሉ የለም ወይም መንገዱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አድራሻ ከሰጠ ደግሞ መንገዱን ተዉትና ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ይህች አንዲት መስመር የፍለጋውን ግማሽ ትቀንሳለች። ከ2024 በፊት የነበረውን አውቶካድ ኤልቲ (ቀለል ያለውን ስሪት) የምትጠቀሙ ሊስፕ ስለሌላችሁ ይህ አይሠራላችሁም፤ ሁለቱን ዝርዝሮች ማስተያየቱ ላይ ተማመኑ።

ሙሉ ዝርዝሩን በአንዴ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ «አካድፕሪፊክስ» ብላችሁ ጻፉ። ያሉትን መንገዶች በሙሉ በተርታ ያወጣል። እኔ ኮፒ አድርጌ በቴሌግራም ለጠየቀኝ ሰው የምልከውና ላክልኝ የምለው ይህንን ነው። ስክሪን በስልክ ፎቶ እያነሱ ከመላክ ይሻላል።

ስለ ሀች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከሰው የተቀበላችሁት ሀች መንገዱ ትክክል ሆኖም እምቢ ካለ፣ የፋይሉ ስምና ውስጡ ያለው የሀቹ ስም አንድ መሆኑን እዩ። ከዚያ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱትና የመጨረሻው መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ኢንተር ነክታችሁ ሴቭ አድርጉት። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ያ ባዶ መስመር ከሌለ ሀቹ በትክክል አይነበብም።

አሁን የእኛን ሰው በተለይ ወደሚያስቸግረው ልምጣ፣ የአማርኛ ጽሑፍ። ቲትል ብሎክ (የድሮዊንጉ መረጃ ሠንጠረዥ) ላይ የባለቤቱን ስም፣ ቀበሌውን፣ የሥራውን ርእስ በአማርኛ የምንጽፍ ብዙ ነን። ይህ ሲበላሽ ሰው ወደ ሰፖርት ዝርዝሩ ይሮጣል። እዚያ አታገኙትም። ሁለት ዓይነት ፎንት አለ። ኤስኤችኤክስ የሚባለው የአውቶካድ የራሱ ነው፣ በሰፖርት ዝርዝሩ ነው የሚፈለገው። የግዕዝ ፊደል የምንጽፍባቸው እንደ ኒያላና ኢብሪማ ያሉት ግን ትሩታይፕ ናቸው፣ ዊንዶውስ ላይ መጫን አለባቸው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት ኤስኤችኤክስ ፎንቶች ውስጥ የእኛ ፊደል የለም። ስለዚህ የጽሑፍ ስታይሉ «ሮማንስ» ወይም «ሲምፕሌክስ» ሆኖ አማርኛ ብትጽፉበት የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የሚደረደረው።

ምልክቱን በማየት ብቻ በሽታውን መለየት ትችላላችሁ። አማርኛው የጥያቄ ምልክት ከሆነ ስታይሉ የተሳሳተ ፎንት ላይ ነው። አማርኛው ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ከሆነ ደግሞ የተጻፈው ዩኒኮድ የሚባለው የሁሉም ፊደሎች የጋራ ኮድ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነዚያ የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ፎንቱ ማሽኑ ላይ ከሌለ ከሥር ያለው እንግሊዝኛ ይወጣል። መፍትሔው ያንኑ ፎንት መጫን ወይም በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ነው። እኔ እንደገና መጻፉን እመርጣለሁ፣ የሚቀጥለው ሰው እንዳይቸገር። ሌላው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ከመጀመሪያው አብሮ አይጫንም፣ ከተጨማሪ ፎንቶች ውስጥ የኢትዮፒኩን መርጣችሁ መጨመር አለባችሁ። አዲስ ፎንት ስትጭኑም በቀኝ ክሊክ «ለሁሉም ተጠቃሚዎች ጫን» የሚለውን ምረጡ። በተራው መንገድ ከተጫነ ለእናንተ አካውንት ብቻ ሊቀመጥና ወርድ ላይ እየታየ አውቶካድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ብዙ ሰው ያሳበደ ነገር ነው።

ፕሪንት ቤት ላይ የሚደርሰውም የዚሁ ዘመድ ነው። ድሮዊንጉን በፍላሽ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ልጁ ይከፍተዋል፣ ኤ1 ወረቀት ላይ ሲወጣ መስመሩ ሁሉ ቀይና ቢጫና አረንጓዴ፣ ውፍረቱም አንድ ዓይነት። አንድ ጊዜ ስድስት ገጽ እንዲህ ወጥቶ ከፍዬበታለሁ። የመስመር ውፍረትና ቀለም የሚወስነው ሲቲቢ የሚባለው ፋይል ነው። ድሮዊንጉ የሚይዘው የሲቲቢውን ስም ብቻ ነው። ፋይሉ የሚፈለገው እዚሁ ፋይልስ ገጽ ላይ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ በሚገኘው የፕሪንተር ክፍል ውስጥ፣ የፕሎት ስታይል መንገድ በተጻፈበት ቦታ ነው። ሰፖርት ዝርዝሩ ውስጥ ብትጨምሩት ለውጥ አያመጣም። ቦታውን ፈልጎ መድከም ካልፈለጋችሁ «ስታይልስማኔጀር» ብላችሁ ጻፉ፣ ፎልደሩን ራሱን ይከፍትላችኋል፣ ሲቲቢውን እዚያ መጣል ነው። ከማተማችሁ በፊትም የፕሎት መስኮቱ ላይ የሲቲቢው ስም ጎን «ሚሲንግ» የሚል ካያችሁ እዚያው ቁሙ።

ለፕሪንት ቤት ከሁሉም የሚሻለው ቢሮ ሆናችሁ ፒዲኤፍ አድርጎ መሄድ ነው። ለሌላ መሐንዲስ የምትልኩ ከሆነ ግን «ኢትራንስሚት» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ድሮዊንጉን፣ ኤክስሬፍ የሚባሉትን የተያያዙ ሌሎች ድሮዊንጎች፣ ሲቲቢውን ሰብስቦ በአንድ ዚፕ ያወጣል። ፎንቶችን ጨምር የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረጋችሁን አትርሱ። እኔ አሁን ድሮዊንግ ብቻውን የምልክበት ጊዜ የለም።

ኤክስሬፍ ሲጠፋ ፕሮግራሙ የተሻለ ትዕግሥት አለው። የተጻፈለት ቦታ ካጣው የዋናውን ድሮዊንግ ፎልደር ያያል፣ ቀጥሎ የፕሮጀክት መንገዶችን፣ ከዚያ የሰፖርት ዝርዝሩን። ስለዚህ የጠፋውን ፋይል ከዋናው ድሮዊንግ ጎን ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አሁን ስለ ፍጥነት። አውቶካድ ለመከፈት ደቂቃዎች እየፈጀ ነው፣ ፋይል ክፈት ሲባል ይንጠለጠላል የሚል ሰው ሲመጣ ብዙዎች ራም ጨምር ይሉታል። ራም ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ። የጠፋ ሰርቨር፣ የተቀየረ ድራይቭ፣ የለቀቃችሁት ቢሮ ኔትወርክ እዚያ ተጽፎ ካለ ፕሮግራሙ ፋይል በፈለገ ቁጥር እሱን ደጋግሞ ሊያንኳኳ፣ መልስ እስኪያጣም ሊጠብቅ ይችላል። የእኔም አዲሱ ማሽን «ፈጣን ነው ተብሎ ምነው ተንቀራፈፈ» ያስባለኝ ይህ ነበር። አራቱን የሞቱ መስመሮች ስናወጣቸው በአንዴ ተቀየረ። የሰርቨር ፎልደር ስትጨምሩ በድራይቭ ፊደል አትጨምሩ፣ በሁለት የተገለበጠ ስላሽ ጀምራችሁ በሰርቨሩ ስም ጻፉት። ፊደሉ ከማሽን ማሽን ይለያያል፣ የሰርቨሩ ስም ግን አንድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በቁም ነገር አንብቡልኝ። ከሰፖርት ዝርዝሩ ወረድ ብሎ «ትረስትድ ሎኬሽንስ» የሚል አለ። ሊስፕና መሰል ፕሮግራሞች ያለ ጥያቄ እንዲጫኑ የምትፈቅዱላቸው ፎልደሮች ናቸው። ሰው ማስጠንቀቂያው ሲያሰለቸው «ሴኪዩርሎድ» የሚለውን የደህንነት ሴቲንግ ወደ ዜሮ ይቀይረዋል። አታድርጉት። በ2012 ኢሴት የተባለው የጸረ ቫይረስ ድርጅት ያጋለጠው «ሜድሬ» የሚባል ቫይረስ በአውቶሊስፕ የተጻፈ ነበር፣ በብዛትም የታየው ፔሩ ውስጥ ነው። ድሮዊንጎችን እየሰረቀ ቻይና ወዳሉ የኢሜይል አድራሻዎች ይልክ ነበር። ከድሮዊንግ ጋር በአንድ ፎልደር አብሮ ተቀምጦ ነው የሚዛመተው። ፕሮግራሙ የድሮዊንጉን ፎልደር ቀድሞ እንደሚያይ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። ፎልደሩን ከነሁለመናው በፍላሽ ስትቀበሉ ሊስፑም አብሮ ይመጣል።

ይህን በር አዲሶቹ ስሪቶች ዘግተውታል፣ ለሊስፕና ለመሳሰሉት ሲሆን የድሮዊንጉን ፎልደር ከፍለጋው አውጥተውታል። ለዚህ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። እናንተ ደግሞ ያልጻፋችሁትን «አካድ» ወይም «አካድዶክ» የሚል የሊስፕ ፋይል ድሮዊንግ አጠገብ ካያችሁ ሳትከፍቱ አጥፉት። የቢሮአችሁን የሊስፕ ፎልደር ብቻ ትረስትድ ውስጥ ጨምሩ። ዳውንሎድስን ወይም ዴስክቶፕን እዚያ የጨመረ ሰው አይቻለሁ፣ ደንግጬ ነው ያስወጣሁት።

የአይቲው ልጅ ስህተት ምን ነበር ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ፕሮፋይልስ ከሚለው ገጽ «ኤክስፖርት» ብሎ «አርግ» የሚባል ፋይል አውጥቶ አዲሱ ላይ አስገባው። አሠራሩ ራሱ ትክክል ነው፣ እንዲያውም በጣም ጠቃሚ ነው። ግን ያ ፋይል መንገዶቹን ከነድራይቭ ፊደላቸው፣ አንዳንዴም ከነተጠቃሚው ስም ነው የሚሸከመው። የድሮው ላፕቶፕ ላይ የተጠቃሚ ስሜ ሌላ ነበር። አርጉን ካስገቡ በኋላ ሁለቱን ዝርዝሮች ማስተያየት ይቀራል፣ ልጁ ያቺን አላደረገም። ማንም አልነገረውም፣ ገጹም አይነግረውም።

ሌላ አማራጭ ለሚጠይቁኝ፣ ብሪክስካድ በሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው «ኤስአርሲኤችፓዝ» የሚባል ሴቲንግ ነው፣ ሴቲንግ መስኮቱም መፈለጊያ ሳጥን ስላለው ስሙን ጽፋችሁ ታገኙታላችሁ። እኔ በያዝኩት አውቶካድ ኦፕሽንስ መስኮት ላይ እንዲህ ያለ ሳጥን የለም፣ በዓይን እየቃኙ መውረድ ነው። በዚህ ብሪክስካድ ይበልጣል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለፋይልስ ገጽ ከ10 ሰባት ተኩል እሰጠዋለሁ። ሁለት ነጥብ የቀነስኩት የሞተውን መንገድ ዋናው ዝርዝር ላይ ስለማያሳይ ነው። ግማሽዋ ለመፈለጊያ ሳጥኑ ነች። ወርኪንግ የሚለው ዝርዝርና ፋይንድፋይል ባይኖሩ ከአምስት አልፎ አይሄድም ነበር።

አርብ ጠዋት ድሮዊንጉ በሰዓቱ ደርሷል። እኔ ጋ አሁን ዝርዝሩ ላይ ፕሮግራሙ ከራሱ ያመጣቸው መንገዶች አሉ፣ እነሱን አልነካኋቸውም፣ ከሥራቸው ደግሞ ሦስት የቢሮ መስመሮች፦ ፎንት፣ ሀች፣ ሊስፕ፣ ሦስቱም በሰርቨሩ ስም። ያንን በአርግ አውጥቼ ሰርቨሩ ላይ አስቀምጫለሁ። ሰኞ አዲስ ኮምፒውተር የሚረከብ ጀማሪ ልጅ አለ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አስገባለታለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን ዝርዝሮች ከፍቶ ራሱ እንዲቆጥራቸው አደርጋለሁ።